እንዴት ይሠራል? ካልሲየምን በብርሃን ያሳየው ጄሊፊሽ

የመስቀል ሰሞን ሲደርስ በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆና በደምቢ ዶሎ ቤቶች አንጮቴ ከገበታ አይጠፋም። ሥሩ ተቆፍሮ ይወጣል፣ ይቀቀላል፣ ይላጣል፣ በንጥር ቅቤ ተለውሶ ይቀርባል። ለአራስ ይሰጣል። አጥንቱ ተሰብሮ ወጌሻ ዘንድ የሰነበተ ሰውም አንጮቴ ይቀርብለታል፤ «አጥንት ይጠግናል» የሚለው እምነት በወለጋ ከአያት ለልጅ የወረደ ነው። ላብራቶሪ ገብቶ ሲመዘንም እምነቱ መሠረት እንዳለው ታይቷል። በመቶ ግራም አንጮቴ ውስጥ ወደ 120 ሚሊ ግራም ካልሲየም ተለክቷል፤ ለሥራ ሥር ምግብ ይህ ከፍተኛ ነው። በዚያው አገር የሚበቅለው ዳጉሳ ደግሞ በካልሲየም ከእህል ሁሉ ቀዳሚ ነው።

በአንድ አዋቂ ሰው አካል ውስጥ ወደ አንድ ኪሎ ግራም ካልሲየም ይገኛል። 99 ከመቶው ያለው አጥንትና ጥርስ ውስጥ ስለሆነ፣ ካልሲየም ሲባል አእምሯችን ቀድሞ የሚሄደው ወደ አጥንት ነው። የምንነጋገረው ግን ስለ ቀሪዋ አንድ ከመቶ ነው። አንጮቴውን ለመቁረስ ጣታችሁ ሲታጠፍ፣ ልባችሁ ሲመታ፣ ቢላ የነካው ጣት ደሙ ሲረጋ፣ ሥራው የሚሠራው በዚህች ጥቂት ካልሲየም ነው። በሕያው ሕዋስ ውስጥ ይህን ሥራ በዓይን ማየት የተቻለው ከወለጋ እጅግ ርቆ፣ በቀዝቃዛ ባሕር ላይ በሚንሳፈፍ ጄሊፊሽ ምክንያት ነው።

በመጀመሪያ ሕዋስ ካልሲየምን እንዴት እንደሚይዘው እንመልከት። ሕዋስ ኃይሉን የሚያዘዋውረው ፎስፌት ባላቸው ውሑዶች ነው። ካልሲየምና ፎስፌት በብዛት ከተገናኙ ደግሞ ተጣብቀው ጠጣር ይሆናሉ፤ አጥንትን አጥንት ያደረገው ይኸው ጥምረት ነው። ስለዚህ ካልሲየም እንደ ልቡ ቢገባ ሕዋሱ ከውስጥ ይደድር ነበር። ይህ እንዳይሆን ሕዋሱ ቀንም ሌትም ኃይል እያወጣ ካልሲየምን ወደ ውጭ ይገፋል፤ የተረፈውንም በውስጡ ባሉ ማከማቻዎች ይቆልፍበታል። በዚህ የተነሳ ዕረፍት ላይ ባለ ሕዋስ ውስጥ የሚንሳፈፈው ነፃ ካልሲየም ከውጭ ካለው ወደ 10,000 ጊዜ ያነሰ ነው።

ሕዋሱ ራሱን ለማዳን የፈጠረው ልዩነት ትልቅ ጥቅም አመጣለት። ውስጡ ከካልሲየም የጸዳ ስለሆነ፣ ጥቂት እንኳ ቢገባ ለውጡ ወዲያው ይታወቃል። ነርቭ ጡንቻን ሲያዝ ማከማቻው ይከፈታል፣ ካልሲየም ይለቀቃል፣ ጡንቻው ይኮማተራል፤ ካልሲየሙ ተመልሶ ሲሰበሰብ ጡንቻው ይፍታታል። ይህ ሁሉ ዓይን ከመርገብገቡ በፊት ያልቃል።

ካልሲየም እንዲህ ያለ ሥራ እንዳለው የተጠረጠረው ቀደም ብሎ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር (የሚከተሉት ዓመታትም በዚሁ ናቸው) በ1883 የለንደኑ ሐኪም ሲድኒ ሪንገር የእንቁራሪት ልብ ከአካሏ ወጥቶም መምታቱን እንዲቀጥል የተነከረበት የጨው ውሃ ካልሲየም እንደሚያስፈልገው አሳወቀ። ምክንያቱ ላይ የደረሰው በአጋጣሚ ነበር፤ ረዳቱ ጨዉን የበጠበጠው በተጣራ ውሃ ሳይሆን በቧንቧ ውሃ ነበርና፣ የለንደን የቧንቧ ውሃ ደግሞ ካልሲየም ነበረው። በ1947 ሄይልብሩንና ቪርሲንስኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ካልሲየምን በቀጭን መርፌ የእንቁራሪት ጡንቻ ክር ውስጥ ሲያስገቡ ክሩ ተኮማተረ። ፖታሲየም፣ ሶዲየምና ማግኒዚየም ግን ይህን አላደረጉም።

ቢሆንም ይህ ከውጭ የተሰጠ ካልሲየም ነው። ጡንቻው በራሱ ጊዜ ሲሠራ ካልሲየሙ በእርግጥ ይወጣል? መቼ? ምን ያህል? ለዚህ መልስ የሚሰጥ መሣሪያ አልነበረም። ካልሲየም ቀለም የለውም፤ በማጉያ መነጽርም አይታይም። ሕዋሱን ፈጭቶ መለካት ቢቻልም፣ የተፈጨ ሕዋስ ሞቷልና ስለ ሥራው የሚናገረው ነገር የለም።

ኦሳሙ ሺሞሙራ ወደ ታሪኩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሺሞሙራ በ1928 በጃፓን ተወለደ። የ16 ዓመት ልጅ ሳለ በናጋሳኪ አቅራቢያ ባለ ፋብሪካ ይሠራ ነበርና፣ ኦገስት 9 ቀን 1945 አቶሚክ ቦምቡ ሲፈነዳ ብልጭታው ለጥቂት ጊዜ ዓይኑን አጨለመው። ከጦርነቱ በኋላ በናጋሳኪ የመድኃኒት ቅመማ ተማረ፤ በ1956 በናጎያ ሳለ ከአንዲት ጥቃቅን የባሕር እንስሳ ብርሃን ሰጪውን ንጥረ ነገር በንጹሕ ክሪስታል መልክ ለየ። ይህን ሥራ ያየው የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው ፍራንክ ጆንሰን ወደ አሜሪካ ጠራው፤ ሺሞሙራም በ1960 ሄደ።

ጆንሰን ያቀረበለት ጥያቄ አጭር ነበር፦ ኤኩዎሪያ የተባለው ጄሊፊሽ ብርሃን የሚሰጠው በምንድን ነው? ይህ ጄሊፊሽ ጃንጥላ የመሰለ ብርሃን አሳላፊ አካል አለው፤ ሲነካ የጃንጥላው ዳርቻ አረንጓዴ ብርሃን ይፈነጥቃል። በብዛት የሚገኘው በዋሽንግተን ግዛት ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በሳን ህዋን ደሴት፣ ፍራይዴይ ሃርበር በተባለች አነስተኛ ወደብ ነው። በ1961 በጋ ሁለቱ ሳይንቲስቶችና አንድ ረዳት ዕቃቸውን በመኪና ጭነው አሜሪካን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ አቋረጡ።

ሥራው እንዲህ ነበር። ጄሊፊሹን ከወደቡ መድረክ ላይ ሆነው በመረብ ይጠልፋሉ። ብርሃን ሰጪ አካላቱ ያሉት በዳርቻው ላይ ብቻ ስለሆነ ያንን ጠርዝ በመቀስ አቅጥነው ይቆርጣሉ። የተቆረጠውን በጨርቅ ይጨምቁታል። ከጭማቂው ውስጥ ብርሃን የሚሰጠውን ለመለየት ሲሞክሩ ግን ምንም አልሳካ አለ፤ ጭማቂው ወዲያው አብርቶ ይጨርሳል፣ ከዚያ በኋላ የሚለየው ነገር አይቀርም።

በዘመኑ የሚታወቀው ሕግ በሌሊት ከሚያበሩ ጥንዚዛዎች የተወሰደ ነበር። ብርሃን የሚመጣው ከሁለት ነገሮች ነው፦ አንዱ የሚቃጠለው ንጥረ ነገር፣ ሌላው የሚያቃጥለው ኢንዛይም። ሁሉም ሰው ጄሊፊሹም እንዲሁ ይሆናል ብሎ ያምን ነበር። ሺሞሙራ ይህን ሐሳብ እንተወው፤ ምንም ይሁን ምን ብርሃን የሚሰጠውን ነገር እንፈልግ አለ። ጆንሰን በዚህ አልተስማማም፤ ሁለቱ ለጥቂት ቀናት በአንድ ክፍል ውስጥ በተለያየ መንገድ ሠሩ። ከመጣ ገና ብዙም ያልቆየ ወጣት ተመራማሪ የጋበዘውን ሰው እምነት ወደ ጎን ትቶ የራሱን ጥርጣሬ መከተሉ ቀላል ነገር አይደለም። ለእኔ የዚህ ታሪክ ትልቁ ድፍረት ይህ ነው።

ሺሞሙራ ብቻውን በጀልባ ወደ ባሕሩ እየወጣ ያሰላስል ነበር። አንድ ቀን ሐሳብ መጣለት፦ ብርሃኑ ከፕሮቲን የሚመጣ ከሆነ የአሲድ መጠኑን በመለወጥ ለጊዜው ማስቆም ይቻል ይሆናል። ሞከረው፤ ጭማቂው በደንብ አሲዳማ ሲሆን ብርሃኑ ቆመ። ጭማቂውን አጥልሎ አሲዱን ሲያለዝበው ብርሃኑ ተመለሰ፤ ሆኖም ደካማ ነበር። የተረፈውን ሊደፋ ወደ ማጠቢያው ሲንክ ገለበጠው። ሲንኩ በደማቅ ሰማያዊ ብርሃን ቦግ አለ።

በሲንኩ ውስጥ ምን ነበር? ከጎኑ ካለው የዓሣ ገንዳ የሚተርፍ የባሕር ውሃ ወደዚያ ይፈስስ ነበር። በባሕር ውሃ ውስጥ ምን ምን እንዳለ የታወቀ ስለሆነ ሺሞሙራ አንድ በአንድ ፈተሸ፤ ብርሃኑን ያስነሳው ካልሲየም ሆኖ ተገኘ። ከዚህ በኋላ መንገዱ ግልጽ ሆነ፤ ካልሲየም ካስነሳው፣ ካልሲየሙን አስሮ ማስቀመጥ ብርሃኑን ያቆየዋል። ለዚህ የተጠቀመበት ኢዲቲኤ የተባለ ኬሚካል ነው፤ ካልሲየምን ዙሪያውን ከስድስት ቦታ ጨብጦ አይለቅም። ጭማቂው በኢዲቲኤ ሲያዝ ሳያበራ ይቆያል፤ በቆየበት ጊዜ ሁሉ ማጥራት ይቻላል። ኢዲቲኤ የሚለውን ስም አስታውሱት፤ ወደ ነቀምቴ ስንመለስ እናገኘዋለን።

በዚያ በጋ ከ10,000 ያህል ጄሊፊሽ የተገኘው ንጹሕ ፕሮቲን አምስት ሚሊ ግራም ገደማ ነበር። በጄሊፊሹ ስም ኤኩዎሪን ተባለ፤ ግኝቱ በ1962 ታተመ። ሺሞሙራ ከዚያ በኋላ ለብዙ በጋዎች ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ፍራይዴይ ሃርበር ተመላለሰ። በጠቅላላው ወደ 850,000 ጄሊፊሽ ሰበሰቡ። ይህን ያህል ድካም የጠየቀው ፕሮቲኑ በእያንዳንዱ እንስሳ ውስጥ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ነው።

ኤኩዎሪን የሚሠራው እንደ ተጠመደ ወጥመድ ነው። ፕሮቲኑ 189 አሚኖ አሲዶች ያሉት ሲሆን፣ በሆዱ ውስጥ ሴለንትራዚን የተባለች ትንሽ ሞለኪውል ከኦክስጅን ጋር ይይዛል። ነዳጁም ኦክስጅኑም ተቀምጠዋል፤ የቀረው የሚያስፈነጥረው ብቻ ነው። በፕሮቲኑ ላይ ለካልሲየም ልክ የሆኑ ሦስት መቀመጫዎች አሉ። ካልሲየም ሲቀመጥባቸው ፕሮቲኑ ቅርጹን ይለውጣል፣ ወጥመዱ ይፈናጠራል፣ ሴለንትራዚኑ ከኦክስጅኑ ጋር ተዋህዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ከዚያም ሰማያዊ ብርሃን ይፈነጥቃል። ሙቀት የለም ማለት ይቻላል፤ ከውጭ የሚበራ መብራትም አያስፈልግም። አንዱ ሞለኪውል አንድ ጊዜ ካበራ በኋላ ግን አዲስ ሴለንትራዚን ካልተሰጠው ደግሞ አያበራም። ካልሲየም ሲበዛ በአንድ ጊዜ የሚፈናጠሩት ይበዛሉ፤ ስለዚህ የብርሃኑ ድምቀት የካልሲየሙን መጠን ይናገራል።

ብርሃኑ በጣም ደካማ ስለሆነ በጨለማ ክፍል፣ የብርሃን ቅንጣቶችን በሚቆጥር መሣሪያ ይለካል። እንዲህም ሆኖ የፈለጉትን ሰጠ። በ1967 ሪጅዌይና አሽሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ኤኩዎሪንን ወደ አንድ የባሕር እንስሳ ግዙፍ የጡንቻ ክር ውስጥ አስገቡ፤ እንስሳው ከድንጋይ ጋር ተጣብቆ የሚኖር ነው፤ የተመረጠውም ክሩ ወፍራም ስለሆነ ለመርፌ ስለሚመች ነው። ክሩን በኤሌክትሪክ ሲቀሰቅሱት መጀመሪያ ብርሃኑ ወጣ፣ ቀጥሎ ጡንቻው ተኮማተረ፤ ጡንቻው ጉልበቱ ጫፍ ሲደርስ ብርሃኑ እየጠፋ ነበር። ካልሲየም ትእዛዙን ሰጥቶ ሲመለስ የታየው ያን ጊዜ ነው። ሪንገር በእንቁራሪት ልብ የጀመረውን ጥያቄ ደግሞ አለንና ብሊንክስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1978 እዚያው የእንቁራሪት ልብ ጡንቻ ላይ ወሰዱት፤ በእያንዳንዱ ምት የካልሲየሙ ብርሃን ሲወጣና ሲወርድ ታየ። በእነዚያው ዓመታት የአንዲት የጃፓን ዓሣ እንቁላል ውስጥ ኤኩዎሪን ተጨመረ። የወንዱ ዘር ሲገባ ብርሃኑ ከገባበት ቦታ ተነስቶ እንቁላሉን እያቋረጠ እስከ ማዶው ዳር በማዕበል ሄደ። ከዚያ ማዕበል በኋላ እንቁላሉ ማደግ ይጀምራል።

ገበሬ ለሆነ አንባቢ ከሁሉም የበለጠ የሚያስደንቀው የ1991ዱ ሥራ ይመስለኛል። የኤኩዎሪን ጂን በ1985 ተለይቶ ስለታወቀ ጄሊፊሽ ማጥመድ ቀርቶ ነበር፤ ጂኑን ማስገባት ይበቃል። የኤድንበራው አንቶኒ ትሬዋቫስና ባልደረቦቹ ጂኑን ወደ ትምባሆ ተክል አስገቡ፤ ችግኞቹ በራሳቸው ሕዋስ ኤኩዎሪን ሠሩ። ሴለንትራዚን ተሰጥቷቸው ጨለማ ውስጥ ተቀመጡ። ችግኙ በጣት ሲነካ ብርሃን ሰጠ። ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስበት ብርሃን ሰጠ። በቀጣዩ ዓመት ንፋስ ሲያወዛውዘውም እንዲሁ መሆኑ ታየ። ነርቭና ጡንቻ የሌለው ተክል ብርድን፣ ንክኪንና ንፋስን ወዲያው በካልሲየም ይመዘግባል ማለት ነው። ማሳ ውስጥ ዝም ብሎ የቆመ የሚመስለን ሰብል በየሕዋሱ ሥራ ላይ ነው።

አንድ ነገር አልተነገረም። ኤኩዎሪን በራሱ ሰማያዊ ያበራል፤ ጄሊፊሹ ግን የሚያበራው አረንጓዴ ነው። ሰማያዊውን ተቀብሎ አረንጓዴ የሚያደርገው ሌላ ፕሮቲን ነው፤ ሺሞሙራ ኤኩዎሪንን ሲያጠራ ጎን ለጎን ያገኘው። ኋላ ከዋናው የበለጠ የታወቀው ይኸው ሆነ። ዳግላስ ፕራሸር ጂኑን በ1992 ለየው፤ ማርቲን ቻልፊ በ1994 በሌሎች ሕያዋን ውስጥ አበራው፤ ሮጀር ሲየን በብዙ ቀለም አባዛው። በ2008 ሺሞሙራ፣ ቻልፊና ሲየን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ሽልማቱ ከሦስት ሰው በላይ አይሰጥምና ፕራሸር ቀረ፤ በዚያን ጊዜ ከሳይንስ ሥራ ወጥቶ በአላባማ የመኪና ሾፌር ነበር። ስሙ በዚህ ታሪክ ውስጥ መነሳት ይገባዋል። ሺሞሙራ በ2018 በ90 ዓመቱ በናጋሳኪ አረፈ።

ካልሲየምን በሕያው ሕዋስ ውስጥ መከታተል ለመድኃኒትም ጠቅሟል። በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ፣ በፊንጫ የስኳር ልማት አካባቢ በትል የሚመጣው ቢልሃርዚያ የታወቀ በሽታ ነው፤ ሕክምናውም ፕራዚኳንቴል ነው። መድኃኒቱ ሲደርስ በትሉ ሕዋሳት ውስጥ ካልሲየም ይጥለቀለቃል፣ ጡንቻው ተኮማትሮ ይቀራል፣ ትሉ የያዘውን የደም ሥር ግድግዳ ይለቃል። መድኃኒቱ ለአሥርተ ዓመታት ሲሰጥ ቆይቶ ካልሲየሙን የሚያስገባው የትሉ ፕሮቲን ማንነት የታወቀው በ2019 ነው፤ እሱም ካልሲየም ሲገባ በሚያሳዩ ብርሃናዊ ጠቋሚዎች እርዳታ።

አሁን ወደ ነቀምቴ እንመለስ። ሐኪም ቤት ሄዳችሁ ደም ስትሰጡ የላብራቶሪ ባለሙያው ክዳናቸው የተለያየ ቀለም ያላቸውን ቲዩቦች ሲደረድር አይታችኋል። የደም ሕዋሳት ለሚቆጠሩበት ምርመራ፣ «ሲቢሲ» ለሚባለው፣ የሚያዘው ሐምራዊ ክዳን ያለው ነው። በውስጡ የተቀባው ኢዲቲኤ ነው፤ በ1961 በፍራይዴይ ሃርበር የጄሊፊሹን ብርሃን ያቆየው ያው ኬሚካል። ደም እንዲረጋ ካልሲየም ያስፈልገዋል፤ የሚያረጉት ፕሮቲኖች ሥራቸውን የሚሠሩት በካልሲየም ተይዘው ነው። ኢዲቲኤ ካልሲየሙን ሲያስር ደሙ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል፣ ሕዋሳቱም ሳይጣበቁ ይቆጠራሉ። በደም ባንክ ለጋሾች የሚሰጡት ደም በሚቀመጥበት ከረጢት ውስጥ ደግሞ ሲትሬት አለ፤ እሱም ካልሲየምን ይይዛል፣ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ግን ጉበት ያስወግደዋል። አንድ ሰው በአጭር ጊዜ ብዙ ከረጢት ደም ከተሰጠው ሐኪሞች የካልሲየሙን መጠን የሚከታተሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ሐኪም ቤት የደም ካልሲየም የሚለካው በኤኩዎሪን አይደለም፤ ካልሲየም ሲነካው ቀለሙን በሚለውጥ ኬሚካል ነው። በአዋቂ ሰው በአንድ ዴሲ ሊትር ከ8.5 እስከ 10.5 ሚሊ ግራም ገደማ ሲሆን ደህና ይባላል። ሲያንስ ጣትና ከንፈር ይደነዝዛል፣ ጡንቻ ይኮማተራል፣ ብሶ ከሄደ ሰውን ይጥላል። እንግዲህ የካልሲየም ምርመራ ደም በሐምራዊው ቲዩብ ከተያዘ ኢዲቲኤው ካልሲየሙን ቀድሞ አስሮታል፤ ውጤቱ እጅግ ዝቅተኛ ሆኖ ይወጣል። ኢዲቲኤው የሚቀባው ከፖታሲየም ጋር ስለሆነ ፖታሲየሙ ደግሞ ያለ ቦታው ከፍ ይላል። ጤነኛ ሰው በወረቀት ላይ በጠና የታመመ ይመስላል፤ ላልታመመው በሽታም መድኃኒት ሊታዘዝለት ይችላል።

ስለዚህ ለካልሲየም ምርመራ የሚያዘው ቀዩ ወይም ቢጫው ቲዩብ ከሐምራዊው በፊት ይሞላል። በሐምራዊው የተያዘ ደም፣ ሌላው ጎደለ ተብሎ፣ ፈጽሞ ወደ ሌላው አይገለበጥም፤ ጥቂት ጠብታም ውጤቱን ታበላሻለች። በወለጋ ላብራቶሪዎች ሥራ የምትለማመዱ ተማሪዎች ይህን ከመጀመሪያው ቀን ያዙ። ታካሚ የሆናችሁም፣ ካልሲየማችሁ በጣም ዝቅ፣ ፖታሲየማችሁም በጣም ከፍ ብሎ ከመጣና ሌላ የሕመም ምልክት ከሌላችሁ፣ ሐኪማችሁን በትሕትና ደሙ እንደገና ይወሰድልኝ ብላችሁ ጠይቁ።